የተመለሰልኝ ግብር እና የእማዬ መሬት

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ለወንድም ጋሼ ዊንዝሎ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ባለፈው ደብዳቤህ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ብለህ ጽፈህ ስለነበር እማዬ በየማለዳው "የልጄ ጉልበት እንዴት አድሮ ይሆን?" ትላለች። ስለ እኔ ጉልበት ግን ጠይቃ አታውቅም። ሚስትህ ኮራሊንስ ሳሏ ለቀቃት? እዚያ እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ብርዱ ቀድሞ ገብቷል ሲሉ ሰማሁና ልቤ እናንተ ጋ ሄደ፤ እባካችሁ ደረታችሁን ሸፍኑ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬ በዚህ ወር መጀመሪያ ሰማንያ ሰባት ዓመቷን ደፈነች፤ ዓይኗም ጆሮዋም ምላሷም እንዳለ ነው፤ በተለይ ምላሷ። ባሌ ዳርንሊም ደኅና ነው፤ ወገቤን ይለኛል፣ መጋዙን ግን አላስቀመጠም።

አሁን ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል፤ የምነግርህ ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ይቅርታ ልጠይቅህ። በፋሲካ በጻፍኩልህ ደብዳቤ "ሁሉ ሰላም ነው" ያልኩህ ውሸት ነበር። ሰላም አልነበረም። ዛሬ ሰላም ስለሆነ ነው እውነቱን ለመጻፍ የደፈርኩት።

ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ስድሳ አምስት ሞልቶኝ ከሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ እንደወጣሁ ታውቃለህ። ከወጣሁ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ቤታችን የቆመበት መሬት ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ አረፉ። ልጆቻቸው ለተከራዩ ሁሉ በጠበቃ በኩል ወረቀት ላኩ። መሬቱን እንሸጣለን፣ ቅድሚያ ለተከራዮች ነው፣ እስከ መጪው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ከፍሎ ያልጨረሰ ግን ቤቱን ነቅሎ ያንሣ ይላል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የጠየቁት ዋጋም ከሌላው ሰፈር የረከሰ ነበር። ነገር ግን ርካሹም ለሌለው ውድ ነው።

ቤታችን ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ተነቅሏል። ሁለተኛውን አንተም ሳታስታውሰው አትቀርም፤ ያኔ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አምስት። አባባ የጣውላ ግድግዳዎቹን እያንዳንዳቸውን በኖራ ቁጥር ጽፎባቸው በጋሪ ሲጭናቸው፣ እማዬ ደግሞ የከሰል ምድጃዋን ታቅፋ ከኋላ ከኋላ ስትከተል። እዚህ ቦታ ላይ ካረፍን ስድሳ አንድ ዓመት ሆነን። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ እማዬ የቦታ ኪራይ አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም።

ወረቀቱን አነበብኩላት። በማግስቱ ከሱቅ አሮጌ ጋዜጣ አስመጥታ ሳህኖቿን እየጠቀለለች ሳጥን ውስጥ ታስገባ ጀመር። በቀን አንድ ሳህን፣ አንዳንዴ ሁለት። "እማዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ?" ስላት "አባትሽ የለም፤ በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩን የሚጽፍልን ሰው የለም፤ ሳህኑ እንኳ እንዳይሰበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳህን ስትጠቀልል ባየሁ ቁጥር ጓዳ ገብቼ የሌለ ሥራ እፈልጋለሁ።

የሆቴሉን የስንብት ገንዘብ በሙሉ ለጠበቃው አስረከብኩ። ዳርንሊም ለጀልባ ሞተር ያጠራቀመውን ሳያንገራግር ጨመረበት። እንዲያም ሆኖ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዶላር ጎደለ። ላንተ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። አውቅሃለሁ፤ ከባንክ ተበድረህ ትልክና ጉልበትህን እየጎተትክ የሌሊት ዘበኝነት ትገባለህ። የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት ለጣራው የላክኸው ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ። ለዚህ ነው የዋሸሁህ። እማዬም "ለዊንዝሎ የነገርሽው እንደሆን አላናግርሽም" ብላ ነበር።

እንዲህ አፋችን ተለጉሞ ሳለ፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የቶፒን ልጅ ማርቫ እጄን ያዘችኝ። ትዝ ካለችህ፣ ልብስ ስፌት ያስተማርኳት ናት፤ አሁን ብሪጅታውን ግብር መሥሪያ ቤት ትሠራለች። "እትዬ ኡና፣ የአምናውን ግብር አስታወቅሽ ወይ?" አለችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጡረታ ወጥቼ ምን ተርፎኝ ነው የምትግጡኝ?" ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም። "ልንወስድብሽ አይደለም፤ ያንቺ ገንዘብ እኛ ዘንድ ተቀምጦ ይሆናል" አለችኝ።

ከዚያ እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ አስረዳችኝ። ሆቴሉ ከጃንዋሪ ጀምሮ በየወሩ ግብር ሲቆርጥብኝ ዓመቱን ሙሉ ትሠራለች ብሎ ነው። ሰው ሁሉ ከዓመት ገቢው ግብር የማይነካው ድርሻ አለው፤ እሱን ለዐሥራ ሁለት ወር ሸንሽነው በየወሩ አንድ አንድ ቁራሽ ነው የሚያስቡልህ። እኔ ግን በስድስተኛው ወር ወጣሁ። "የቀሩት ስድስት ቁራሾች የት ገቡ? ጡረታሽ እንደሆነ ትንሽ ናት፣ እሷ አትጨርሳቸውም" አለች ማርቫ። "ሕግ ነው፤ ማንም አላጭበረበረሽም። ግን ካልጠየቅሽ በርሽን አንኳኩቶ የሚያመጣልሽ የለም።"

ቤት ገብቼ ለዳርንሊ ብነግረው መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። "ኡና፣ ከመንግሥት ኪስ ገንዘብ ማውጣት ከሻርክ አፍ ዓሣ መንጠቅ ነው፤ ዓሣውም አይገኝ፣ ጣትሽም አይተርፍ" አለኝ። ነገሩ ለካ በአጥር ተሰምቷል፤ በማግስቱ አረቄ ቤት ያለው ሁሉ ዶሚኖውን ትቶ የኔን ግብር ያወራል። ባለቤቱ ሚስተር አሊን መንገድ ላይ አስቁሞኝ "እመቤት፣ ያ ቼክ የመጣ እንደሆነ የቤትሽን አንሶላ በሙሉ፣ እዚሁ ሱቄ ደጃፍ፣ በገዛ እጄ አጥብልሻለሁ" አለኝ። "የአንተ እጅ ውኃ ያውቃል? አረቄውን እንኳ ሳትበርዝ ነው የምትሸጠው" አልኩት። "ሳልበርዝ ማለትሽ ምስጋና ነው" ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ማርቫ መጀመሪያ ከሆቴሉ ዓመቱን የተከፈለኝና የተቆረጠብኝ የተጻፈበት ወረቀት እንዳመጣ ነገረችኝ። ሆቴሉ በፖስታ ላከልኝ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አሁን የምነግርህን ለኮራሊን አታንብብላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአዳዲሶቹ ሴቶች የማስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት "ኪስ ፈትሹ" የሚል ነበር። ከእንግዶች ኪስ ፓስፖርት አውጥቻለሁ፣ የሠርግ ቀለበት አውጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜም የአንድ ሰውዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የገዛ ራሴን ኪስ ግን ሳልፈትሽ ሽርጤን ዘፍዝፌ፣ አሽቼ፣ በፈላ ውኃ አጠብኩት። ወረቀቱ የተላቆጠ ገንፎ ሆኖ ወጣ። ዳርንሊ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘውና "ታጥቦ ጭቃ ሲሉ እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን ዛሬ ነው" አለ። እማዬ እንኳ ሳህን መጠቅለሏን አቁማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቋ ስለሆነ አልተቆጣሁም።

ግን ቀኑ እየገፋ ነበር፤ የማስታወቂያው ጊዜ በኤፕሪል መጨረሻ ያልቃል። የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ በአውቶቡስ ሆቴሉ ሄድኩ። ዘበኛው እንደልማዱ ወደ ኋላው በር ሊጠቁመኝ እጁን አነሣና መለስ አለ። "እትዬ ኡና፣ ዛሬኮ እንግዳ ነሽ" ብሎ ትልቁን በር ከፈተልኝ። ወንድም ጋሼ፣ በዚያ በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠብኩትን መጋረጃ ከውስጥ በኩል ተሰቅሎ አየሁት፤ ያምራል። ደመወዝ ክፍል ያለችው አዲስ ሴት ታሪኩን ስነግራት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላ ጽፋ፣ ማኅተም መትታ፣ በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። "ይኼኛው ውኃ አይገባውም" አለችኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች መምጣቴን ሰምተው ልብስ ማጠቢያው ድረስ ጎትተው ወሰዱኝ፤ አዲሷ ኃላፊ የተተኮሰ አንሶላ ዘርግታ "ፍረጂን" አለችኝ። ጥግ ጥጉን ካውያ ዘሎታል፤ ግን አልተናገርኩም። እሺ፣ ተናገርኩ።

እሑድ ማርቫ ቤት መጣችልኝና ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሞላን። ሁሉ ነገር ደኅና ሄዶ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ደረስን፤ "ሌላ ገቢ" ይላል። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የተቀደደ አንሶላ እየጠቀምኩ በእጅ የሚከፈለኝ ትንሽ ገንዘብ ነበረኝ። ማርቫ ብዕሯን አስቀመጠች። "ይኼን እኔ አልሞላልሽም፤ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ" ብላ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ዳርንሊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "መርፌ አፍ የላት፤ ማን ሊያወራ ነው?" አለኝ። ልቤ አብሮት ሄደ፤ አልዋሽህም። የጎደለውን አሰብኩ፣ ሳጥን ውስጥ የገቡትን ሳህኖች አሰብኩ፤ እያንዳንዱ ዶላር አንድ ጣት መሬት መስሎ ታየኝ።

እማዬ ከወንበሯ ሆና ሰምታናለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ኡና፣ እኔ በሰው መሬት ላይ ስድሳ አንድ ዓመት ስኖር ማንንም ሳልሰርቅ ነው። የራሴ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ሌብነት ቀብሬበት አልተኛም። ጻፊው፤ ከጎደለ ሳህኑ ተጠቅልሏል" አለች። ዳርንሊ ወለሉን አየ። እኔ ጻፍኩት፤ ሳንቲሙን ሳይቀር። ማርቫ ስትመለስ አነበበችው፤ ስትወጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጄን አልጨበጠችም፣ አቅፋ ሳመችኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሜይ አለፈ፣ ጁን አለፈ። ፖስተኛዋ ባለፈች ቁጥር ሚስተር አሊን ከሱቁ አንገቱን አውጥቶ "ኡና፣ መንግሥት ሰላምታ አልላከልሽም?" ይላል። "ልኳል፤ ሳሙና ግዛ ብሎሃል" እለዋለሁ። ቀልዱ ግን እያደር ለዛው ጠፋ። የጎረቤቶቻችን የሞሪሶች ቤተሰብ ጓዙን ሰብስቦ፣ ግድግዳውን ፈትቶ በጭነት መኪና ሄደ፤ ልጃቸው ጋ ነው የሄዱት። ቤቱ ያረፈባቸው ድንጋዮች ብቻ ተደርድረው ቀሩ። እማዬ በመስኮት አይታ መጋረጃውን መለሰችው። በጁላይ ለሦስታችን ሁለት ሳህን ብቻ ቀርቶን ዳርንሊ የባምያውን ገንፎና ዓሣውን በድስት ክዳን ላይ ይበላ ነበር። ጠቅልላ የጨረሰቻቸውን ክፈቺልን ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም። ለዚህ ለዚህ ነው ያገባሁት።

ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ፖስተኛዋ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ቡናማ ፖስታ ነው። እጄ እርጥብ ነበርና አልነካሁትም፤ አንዴ ያጠብኩት ይበቃኛል። ዳርንሊ ተቀብሎ በቢላዋ ከፈተውና አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ "ኡና፣ ተቀመጪ" አለኝ። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። "አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሁለት" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ያንን ሁሉ ዓመት ሳውቀው ዳርንሊ ሲያለቅስ ያየሁት የእናቱ ቀብር ላይ ብቻ ነበር። አሁን ሁለተኛ ሆነ። የመርፌውን ሥራ ጽፌም፣ ለጎደለው በቅቶ ተርፏል።

እማዬ ከውስጥ ሆና "ይበቃል?" አለች። "ይበቃል፣ እማዬ" አልኳት። ገብቼ ሳያት ሳጥኑን ከፍታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኖቹን ከጋዜጣው እያወጣች ትደረድራለች። አጠገቧ ተቀምጬ አገዝኳት። ጋዜጦቹን እያጣጠፍኩ ወደ ጎን አስቀመጥኩ።

የሚስተር አሊንን ነገር ሳልነግርህ ብቀር አትምረኝም። ቅዳሜ ቀን ስድስት አንሶላ፣ አራት የትራስ ልብስና የዳርንሊን የሥራ ሱሪ ተሸክሜ ሱቁ ደጃፍ ወረድኩ። ሱሪው በስምምነታችን አልነበረም፤ ወለድ ነው አልኩት። ሰውዬው ቃሉን በላ እንዳይባል የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ገንዳው ላይ ተጎነበሰ። ሰፈሩ ሁሉ ወንበር ይዞ ወጣ። እኔ ከፊት ተቀምጬ "እዚያ ጋ እድፍ ቀርቷል" እላለሁ፤ እሱ "ይኼ እድፍ አይደለም፣ አበባ ነው" ይላል፤ "አበባም ከሆነ ይልቀቅ" እለዋለሁ። ሲያጥብ እያየን የተጠበሰ ዓሣና አረቄ በእሱ ሒሳብ ተበላ፣ ተጠጣ። ማታ ላይ እጁ ተኮማትሮ ዶሚኖ መያዝ አቅቶት ተሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ግን አንሶላዎቹን ቤት ወስጄ እንደገና አጠብኳቸው፤ እንዳትነግረው።

ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት ስፔይትስታውን ከተማ ጠበቃው ቢሮ ሄድን። እማዬ የዐሥር ዓመት ቆብዋን በእንፋሎት አቅንቼላት ደፍታለች። የመሬቱን ወረቀት በእሷ ስም ነው ያስጻፍነው፤ ዳርንሊ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን ሰጣት፤ ስሟን ሙሉውን፣ ክሌመንቲና ሎይስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ፊደል ሳትዘል ጻፈች። ከዚያ "የኔ ልጅ፣ ወደ ታችስ የኔ እስከ የት ነው?" ብላ ጠየቀችው። ጠበቃው ሳቀና "እስከቻሉት ድረስ ይቆፍሩ፣ እማማ፤ የሚከለክልዎ የለም" አላት። "እኔም ይኼን ነው የፈለግኩት" አለች።

ለካ የተናገረችው ለጨዋታ አልነበረም። ከአውቶቡስ ወርደን ቤት ስንደርስ ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ ዳርንሊን አካፋ አምጣ አለችው። በጓሮ በኩል፣ የዛፍ ጥላ መንገዱ ድረስ ይደርሳል ብላ ባሰበችው ቦታ ላይ፣ በበትሯ ምልክት አደረገች። ከሞሪሶች ጓሮ የወጣ የዳቦ ዛፍ ቡቃያ በቆርቆሮ ተክላ ከመኝታዋ መስኮት ሥር ደብቃው ኖሯል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። በሕይወቷ መሬት ላይ ዛፍ ተክላ አታውቅም፤ የሰው መሬት ላይ ማን ዛፍ ይተክላል? ዳርንሊ ላቡን እየጠረገ "እማማ፣ ይኼ ፍሬ እስኪሰጥ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል" አላት። እሷም አፈሩን በጫማዋ እየደመደመች "ታዲያ ምን ያጣድፈኛል? አሁን ማን ሊያስነሣኝ ነው?" አለችው።

ኮራሊንን በእቅፍ ሙሉ ሰላም በልልኝ። ከሆስፒታሉ ሥራዋ በጁላይ ወጥታለች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ የእንግሊዝን የግብር ሕግ አላውቅም፣ ግን ሄዳ ትጠይቅ። ለልጅህ ለሬናታና ለባልዋ፣ ለትንሿም ልጅ ከነአዲሶቹ ጥርሶቿ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ወንድሟን ዴንቪልን ፀጉሩን ይቆረጥ በሉት፤ ፎቶውን እማዬ አይታ "ይኼ የማን ሴት ልጅ ናት?" ብላለች። ዳርንሊ ዓሣ ማጥመድ ስትወድ እንደነበር ያስታውሳል፤ ሞተሩን ባይገዛም በጓደኛው ጀልባ ይወስድሃል፤ ና ብሏል። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ምን እንደጻፍኩ በየመስመሩ ትጠይቃለች። ጉልበትህን በሞቀ ዘይት አሸው ብላለች። ዛፉንም በየማለዳው የምታጠጣው ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው አታስነካም።

እህትህ ኡና

ሴንት ሉሲ፣ ባርቤዶስ
ኦክቶበር 27 ቀን 1994